እልልታ የቀደመው ኒካህ

ልጅ ሳለሁ ዓለም ሁሉ በአንዲት የልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ ተጀምራ እዚያው የምታልቅ ይመስለኝ ነበር። ክፍሏ የአባቴ አጎት የአያ ኑሩ ነበረች። ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ከእኛ ጋር ግቢ እንጋራለን፤ የእሳቸው ቤት አንዱ በር ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ ግቢያችን ይከፈታል። ቀን ቀን የስፌት ማኪናቸው ሲንጣጣ ይውልና የመግሪብ ሶላት ሲሰገድ ዝም ይላል። ያኔ መብራት ሲመጣም ሲሄድም አይታወቅም ነበርና ፋኖሱን ከማኪናው በላይ ባለው ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፤ በከሰል ካውያቸው ሆድ ውስጥ የተረፈውን ፍም ማንደጃው ላይ ይገለብጡታል፤ እኛ የግቢው ልጆች ደግሞ በጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ እየተጋፋን እንቀመጣለን። የማታው የዒሻ ሶላት እስኪደርስ ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ የተረት ናት። ዛሬም የተተኮሰ ጨርቅ ሲሸተኝ ተረት ሊነገረኝ ነው እላለሁ።

አያ ኑሩ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ወጠር ያደርጉና «ልለካ?» ይሉናል። እኛም በአንድ ድምፅ «ይለኩ! ግን እንዳያሳጥሩ!» እንላለን። አንዳንዴ ሆን ብለው ሜትሩን በግማሽ አጥፈው ያሳዩናል፤ ያን ጊዜ ጩኸታችን ግቢውን ያናጋዋል። ሰውየው ቀልደኛ ነበሩ፤ በራሳቸው ተረት ከሁሉም ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። ባለቤታቸው እቴቴ ዘምዘም ግን ከፋኖሱ ሥር ተቀምጠው፣ ለማግስቱ የሚወጡትን ሸሚዞች ቁልፍ እየተከሉ፣ ሳይስቁም ሳይቆጡም ያዳምጡ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። እኛ ሁላችን ልጆቻቸው ነበርን።

አያ ኑሩ ልብስ ሰፊ ብቻ አልነበሩም፤ የሰፈሩ የኒካህ ምስክርም ነበሩ። በእኛ ዘንድ ኒካህ ሲታሰር ወንዶቹ ከሸሁ ጋር ሳሎን ይቀመጣሉ፣ ሙሽራዋ ከሴቶች ጋር ጓዳ ትሆናለች። ምስክሮቹ ሄደው ጓዳው በር ላይ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ይቆሙና፣ ሳያዩዋት፣ እገሌን ወደሻል ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቋታል። ልጃገረድ ከሆነች ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቆጠርላታል። ሸሁ እንደሚሉት ይህ ለዓይናፋሯ የተተወላት ርኅራኄ ነው። በሰፈራችን ግን ርኅራኄው ቀስ በቀስ ግዴታ ሆኖ ነበር። አፏን ከፍታ «አዎ» ያለች ሙሽራ ዓይን አውጣ ትባላለች፤ «አይ» ያለችማ ተሰምታም አትታወቅም። እናቶች ሰርግ ሲቀርብ ለልጆቻቸው ዝም ማለትን ልክ እንደ ወጥ አሠራር ያስተምሯቸዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ሲጠየቅ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ምስክሮቹም ይመለሳሉ፣ ኒካህ ይታሰራል።

አንድ ምሽት «አያ፣ ኒካህ ማለት ምን ማለት ነው? ለምንስ ነው የሚታሰር? ማን ነው የሚታሰረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አያ ኑሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላቸው ማር የቀረበላቸው ያህል ነበር ደስ የሚላቸው። «ይች ልጅ ሸጋ ጠየቀች!» አሉና ሜትሩን እንደገና ወጠሩ። «ቃሉ የዐረብ ነው፤ ከቁርኣን ጋር መጣልን። 'ማሰር' የሚለውን ግን የጨመርንበት እኛ ነን። ለምን ጨመርነው? በድሮ ዘመን፣ አያቶቻችን በሲራራ ንግድ ከጎንደር መተማ ሲመላለሱ፣ አንድ ብቸኛ ነጋዴ ነበር። አንዲት በቅሎ፣ አንድ ጭነት። ጭነቱን በአንድ ጎን ሰቅሎ ይነዳል። ቁልቁለት ላይ ሲደርስ በቅሎዋ ታዘነብላለች፤ ጭነቱ ይወድቃል። ያነሳል፣ ይጭናል፣ ይወድቃል። እንዲያ ሲንገላታ አንድ ሽማግሌ አገኙትና 'አንተ ሞኝ፣ አንድ ጎን ጭነት በቅሎ ይጥላል። ሌላ ጭነት ፈልግ፣ ግራና ቀኝ አስተካክል፣ በአንድ ገመድ እሰር' አሉት። እሱም ጎንደር እንደተመለሰ ወደ ቃዲው ሄዶ 'የኔንም ሌላኛውን ጎን ፈልጉልኝና እሰሩልኝ' አለ። ከዚያ ወዲህ ኒካህ ይታሰራል። በቅሎዋ ኑሮ ናት፤ ጭነቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ገመዱ ኒካህ ነው።»

እኛ በአድናቆት አፋችንን ከፈትን። እቴቴ ዘምዘም ዓይናቸውን ከቁልፉ ሳያነሱ «ጭነቱንስ ማን ጠየቀው?» አሉ።

አያ ኑሩ ከት ብለው ሳቁ። «ይጠየቃል እንጂ! ያውም ሦስት ጊዜ!» አሉና በዚያው ወደሚወዱት ተረት አለፉ። ይህን ተረት ስንቴ እንደነገሩን አላውቅም፤ እኛም በቃላችን ይዘነው ከእሳቸው ጋር እኩል እንለው ነበር። አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበር። በገበያ ቀን ከጎንደር ጠዳ ወርዶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰፋል። አንድ ቀን ረዥም ጨርቅ ሲቆርጥ አንዲት ልጅ ጫፉን ያዘችለት። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች፤ እሱ ያየው እጇን ብቻ ነው። በዚያ እጅ ልቡ ጠፋ፤ ሽማግሌ ላከ። የኒካሁ ቀን ምስክሮቹ በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ብለው ጠየቁ፤ ዝም። ሁለት ብለው ጠየቁ፤ ዝም። ያን ጊዜ በግቢው ያለችው ዶሮ እንኳ ጭጭ አለች። ሦስት ብለው ሳይጨርሱ፣ እልልልል!

«ያ ዝምታ፣» ይሉ ነበር አያ ኑሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ከማር ይጣፍጥ ነበር። እንዲያ ያለ ዝምታ በጎንደር ምድር አልተሰማም።»

እቴቴ ዘምዘም እዚህ ተረት ላይ ሲደረስ ሁልጊዜ ሥራ ያገኛሉ። ወይ ክር ያልቅባቸዋል፣ ወይ ከሰል ሊያመጡ ወደ ግቢ ይወጣሉ። ተመልሰው ሲመጡ ተረቱ አልቆ እኛ እያጨበጨብን ነው። ያኔ ተረቱ ሰልችቷቸው ነው እል ነበር፤ አንድ ነገር ተደጋግሞ ሲነገር እናቴም ትነሣ ነበርና ከዚያ የተለየ ነገር አልመሰለኝም።

እኅቴ ሐያት ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። ውጤቷ መጥቶ ደቡብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ልብሷን አጥባ፣ አጥፋ፣ በአባቴ የድሮ ቦርሳ ውስጥ ከታ፣ ቦርሳውን ከአልጋችን ሥር አስቀምጣው ነበር። ማታ ማታ እየጎተተች ታየዋለች። በዚህ መሀል መተማ የሚነግድ ከድር የሚባል ወጣት ነበርና አባቱ ሽማግሌ ላኩ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከከድር አባት ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የነገዱ፣ እንደ ወንድም የሚተያዩ ናቸው። ከድርም እንከን የሚወጣለት ልጅ አልነበረም፤ ትሑት፣ ሠርቶ አደር ነው። አባቴ ደስ ብሎት እሺ አለ። ሐያት እናቴን «ትምህርቴን ልጨርስና ይሁን» ብትላት፣ እናቴ «ባልሽ ያስተምርሻል፤ ለሱ ምን ቸገረው» አለቻት። በቃ፣ ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተደበደበም። ሐያት ቦርሳውን መጎተት ተወች።

የሰርጉን ልብስ የሚሰፉት አያ ኑሩ፣ የሚለኩት ደግሞ እቴቴ ዘምዘም ነበሩ፤ ሴት የምትለካው በሴት ነውና። ልብሱ ተሰፍቶ ሲሞከር ወገቡ ላይ ሰፋ። ጠበበ። እንደገና ሲሞከር እንደገና ሰፋ። እኔ መርፌ የተሰካበትን ትራስ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ሐያት፣ ይህ ልብስ ምነው በየሳምንቱ ይሰፋሻል?» አሏት እቴቴ ዘምዘም።

እቴቴ ዘምዘም የወገቧን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው እንደያዙ ብዙ ቆዩ። ከዚያ መርፌውን ሰኩት።

የኒካሁ ቀን እሑድ ነበር። ቤታችን በሰው ሞላ። ሳሎን ሸሁ፣ አባቴ፣ ከድርና የእሱ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ግቢው ውስጥ ሩዝና ሥጋ ይበስላል። ጓዳ ውስጥ ሐያት በነጭ ዓይነ ርግብ ተሸፍና መሀል ተቀምጣለች፤ እናቴ በቀኟ፣ እቴቴ ዘምዘም በግራዋ፣ የሰፈሩ ሴቶች ዙሪያውን ናቸው። እኔ እግሯ ሥር ተወሽቄ ነበር። እጇ በሒና ቀልቷል፤ ስነካው ግን በረዶ ነበር።

በመጋረጃው ሥር የአያ ኑሩን ጫማ አየሁት። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ለኒካህ ብቻ የሚያወጡት ጫማ ነው። ከጎናቸው የሌላኛው ምስክር ጫማ ቆመ። ሴቶቹ ጭጭ አሉ።

«ሐያት ልጄ፣» አሉ አያ ኑሩ በዚያ ተረት በሚነግሩበት ድምፅ፣ «የከድርን ኒካህ እንድናስርልሽ ወደሻል?»

ዝም።

«ሐያት ልጄ፣ የከድርን ኒካህ እንድናስርልሽ ወደሻል?»

ዝም። ከበስተኋላዬ ሴቶቹ እስትንፋሳቸውን ሲስቡ ሰማሁ፤ ምላሳቸው ለእልልታ ተዘጋጅቷል። አንዷ እንዲያውም ጀመር አድርጋ ተወችው። እኔም ልጅ ነኝና ከእነሱ ጋር እልል ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

እቴቴ ዘምዘም እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ፣» አሉ።

ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ኑሩ።»

ክው አልሁ። ገና ምን ሊሉ እንደሆነ ሳላውቅ ክው አልሁ። እቴቴ ዘምዘም ባላቸውን ዕድሜያቸውን ሙሉ «አንቱ» እንጂ በባዶ ስማቸው ሲጠሩ ማንም ሰምቶ አያውቅም።

«ኑሩ፣ እኔም ዝም ብዬ ነበር።»

ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። «ምን አልሽ?»

«ያኔ ጠዳ። ከመጋረጃው ኋላ ሁኜ ዝም ያልሁት ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር። ድፍረት እያጠራቀምሁ ነበር። ሦስተኛው ላይ እምቢ ልል ነበር። እልልታው ቀደመኝ።»

እኔ ወለሉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ልብስ ሰፊው፣ የጠዳ ገበያ፣ በጨርቁ ጫፍ ላይ ያለችው እጅ፣ ከማር የጣፈጠው ዝምታ፣ ያ ሁሉ የተሳቀበትና የተጨበጨበበት ተረት፣ ለካ እኒህ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ናቸው። እኛ እያጨበጨብን ሳለ ከሰል ሊያመጡ የሚወጡት ለካ ለዚህ ነበር። በልጅነቴ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ የተኩስ ድምፅም ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ የደነገጥሁበት ቀን ግን የለም።

አንዲት ጎረቤታችን ጉልበቷን መታ አድርጋ «ጉድ በል ጎንደር!» አለች በሹክሹክታ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከመጋረጃው ሥር ጥቁሮቹ ጫማዎች ወደ ሳሎን ዞሩ። ሄዱ ስል ተመልሰው ዞሩ። ከዚያ ጉልበታቸው ታየኝ፣ ከዚያ እጃቸው። አያ ኑሩ በዚያ በሰርግ ልብሳቸው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሦስተኛውን ገና አልጠየቅሁም፣» አሉ። ድምፃቸው የተረት ድምፅ አልነበረም፤ ሰምቼው የማላውቀው የሽማግሌ ድምፅ ነበር። «እልል ልበል የምትል ካለች ከዚህ ቤት ትውጣ። ሐያት ልጄ፣ አልቸኩልም። ሩዙም ይቀዝቅዝ። ከድርን ወደሻል?»

ብዙ ጠበቁ። ሐያት ዓይነ ርግቧን ገለጠችው።

«አልወደድሁም አያ። ሰውየውን ጠልቼ አይደለም። መማር ነው የምፈልገው።»

«ሰምቻለሁ፣» አሉ አያ ኑሩ። ደፉን ተደግፈው ተነሡ።

ሳሎን የሆነውን በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። አያ ኑሩ መሀል ቆመው «ጠይቄያታለሁ፤ አልወደድሁም ብላለች» አሉ። አባቴ ተፈናጥሮ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አያ፣ በእንግዳ ፊት ልታዋርዱኝ ነው? ሴት ልጅ መቼ ነው እንዲህ የምትጠየቀው?» አለ። ሸሁ እጁን ያዙት። «ተቀመጥ። መጠየቅ ያለብን እንዲህ ነበር። እምቢ ማለት የማትችል ልጅ ተጠየቀች ይባላል? ኒካህ የለም፤ ከዚህ በኋላ ብናስር ወንጀሉ የኛ ነው» አሉት። ከድር ተነሣ። አባቴን እጅ ነሥቶ «መተማ ወስጃት ከምሰማው እዚሁ መስማቴ ይሻላል» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። አባቱ ግን ሳይሰናበቱ ነው የወጡት። ያ ሁሉ ምግብ ለጎረቤትና ለየኔ ቢጤ ተከፋፈለ። አባቴ ለዓመታት ከአያ ኑሩ ጋር አልተነጋገረም፤ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታቸው ጠፋ። ሐያት ግን ቦርሳውን ጎትታ አወጣችው። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው የሸኘናት እናቴ፣ እኔና እቴቴ ዘምዘም ነበርን።

ከኒካሁ በኋላ ተረት ቆመ። ማኪናው ሲመሽ ዝም ይላል፣ ፋኖሱ ግን አይሰቀልም። አንድ ምሽት እኔና የጎረቤት ልጆች መታገሥ አቅቶን በግቢው በር ሾልከን ገባንና ቁርጥራጩ ላይ ተቀመጥን። አያ ኑሩ ማኪናቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነው። እቴቴ ዘምዘም እንደወትሯቸው ቁልፍ ይተክላሉ። መኖራችንን ያዩም አይመስሉም።

«ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?» አሉ አያ ኑሩ።

«ማን ጠየቀኝ?»

«እምቢ ያሰኘሽ እኔ ነበርሁ?»

«አንተን የት አውቄህ! ጨርቁን ስይዝልህም ቀና ብዬ ፊትህን አላየሁት። እናቴ ታማ ተኝታ ነበር። ከእኔ በቀር ሰው የላትም። እኔ ጎንደር ከሄድሁ ማን ውሃ ያቀብላታል ብዬ ነበር።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «በዚያው ክረምት ሞተች። ማን እንዳቀበላት አላውቅም።»

አያ ኑሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና እንደገና ደነገጥሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን በሸሚዝ ቁራጭ ጠረጉ፣ ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ፣ ማኪናው ላይ አስቀመጡት፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ባለቤታቸው ፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ዘምዘም፣ ሦስተኛውን እኔው ልጠይቅሽ። ወደሻል?»

ከማንደጃው ላይ ፍም ተሰነጠቀ። በተረቱ ውስጥ ቢሆን እዚህ ላይ እልል ነበር። እቴቴ ዘምዘም ዝም አሉ፤ በጣም ረዥም ዝምታ ነበር፤ አያ ኑሩም ያን ዝምታ ምንም ብለው አልተረጎሙትም። ቁጭ ብለው ጠበቁ። የዒሻ አዛን ሲጀምር እቴቴ ዘምዘም መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰኩና «ነገ ጠይቀኝ» አሉ።

በማግሥቱ ጠየቋቸው። «ነገ ጠይቀኝ።» በሠልስቱም ጠየቋቸው። ከዚያ በኋላ የምሽቱ መክፈቻ ይኸው ሆነ፤ «ልለካ?» ከማለታቸው በፊት ወደ ሚስታቸው ዞረው ይጠይቃሉ፤ እቴቴ ዘምዘምም መልስ ይሰጣሉ። አንዳንድ ቀን ተቆጥተው ነው፣ አንዳንድ ቀን ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ እያለ ነው። «ዛሬ ካውያህ ጣቴን አቃጥሎኛል፤ ነገ።» «ሸሚዙ ይድረስልኝ፤ ነገ።» የልብስ ሰፊውንና የጠዳዋን ልጅ ተረት ግን አያ ኑሩ ከዚያ ወዲያ አልነገሩንም። አንድ ሞኝ ልጅ ቢለምናቸው «የኔ ተረት አልነበረም፤ የሷ ነው» አሉት።

አድጌ ዐረብኛ ስማር ያን የልጅነት ጥያቄዬን ለሸሁ መልሼ አቀረብሁላቸው፤ ኒካህ ማለት ከሥሩ ምን ማለት ነው አልኋቸው። ሸሁ ጢማቸውን እያሻሹ፣ የጥንት ዐረቦች ዛፎች አጠገብ ለአጠገብ አድገው ቅርንጫፎቻቸው ሲጠላለፉ፣ ዝናብም መሬት ውስጥ ሰርጎ ከአፈሩ ጋር ሲዋሃድ በዚህ ቃል ይናገሩ እንደነበር ነገሩኝ። «ገመድ የለበትም?» ብላቸው ሳቁ። «ገመዱ የነጋዴ ነው።» ይህን ለእቴቴ ዘምዘም ሄጄ ነገርኋቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ዛፍ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሐያት ዛሬ እዚሁ ጎንደር ሐኪም ናት። አግብታለች። የኒካሁዋ ቀን ምስክሮቹ በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ እንደጠየቋት «ወድጃለሁ!» ያለችው ሳሎን ድረስ ተሰምቶ፣ አባቴ በኀፍረት አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ግን ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ከአያ ኑሩ ጋር የታረቁት ያን ቀን ነው። እልልታውን ያቀለጡት እቴቴ ዘምዘም ነበሩ።

አያ ኑሩ በመጨረሻ ዓመታቸው ግማሽ አካላቸው ታመመና አንደበታቸው ተያዘ። ቃል አይወጣቸውም፤ ዓይናቸው ብቻ ይናገራል። አልጋቸውን የስፌት ክፍሏ ውስጥ ከማኪናው ጎን ዘርግተንላቸው ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ መግሪብ እንደተሰገደ፣ ልጠይቃቸው ገባሁ። ዛሬ ፋኖስ የለም፣ መብራት አለ፤ ካውያውም የኤሌክትሪክ ነው። እቴቴ ዘምዘም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ መርፌ ሳይዙ፣ የአያ ኑሩን እጅ በእጃቸው ይዘው አገኘኋቸው። የገባሁትን አልሰሙኝም።

«ኑሩ፣» አሉ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ «ዛሬ አልጠየቅኸኝም።»

አያ ኑሩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። እቴቴ ዘምዘም አልቸኮሉም። ያች እጅ፣ ያኔ በጠዳ ገበያ የጨርቁን ጫፍ የያዘችው እጅ፣ የእሳቸውን እጅ አልለቀቀችም፤ እቴቴ መልሱን አፋቸው ላይ አዘጋጅተው ጥያቄውን ይጠብቁ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ልክ እንደዚያ እሑድ፣ ደንግጬ ደርቄ ቀረሁ። ዛሬም ኒካህ ታሰረ ሲባል የሚመጣብኝ በቅሎዋም ገመዱም አይደለም። እኒያ ሴትዮ ናቸው፣ አንዴ እንዲጠየቁ ጎንበስ ብለው ሲጠብቁ።